የመርል ፓስኮ እምቢታ

ሩፐርት ሄይንስ በነሐሴ ከፐርዝ ወርቅ እስከሚወጣባት ካልጉርሊ ከተማ ድረስ የመጣው የመርል ፓስኮን አክሲዮን ሊገዛ ነው። ሥራው ይኸው ነው። ገበያ ላይ ያልወጡ ትንንሽ ድርጅቶችን ይመረምራል፣ የትርፍ ድርሻ የሚከፍሉትን ይለያል፣ ከዚያ ባልቴትና ጡረተኛ እያፈላለገ አክሲዮናቸውን በርካሽ ያስለቅቃቸዋል። ከተማው ስሙን ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

መርል ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ጆ ሲሞት የተወላት የ«ፓስኮና ክሌግ»ን አክሲዮን ብቻ ነው። ድርጅቱ ለወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ማሽን ከነሠራተኛው እያቀረበ ድንጋይ የሚቆፍርና የሚያጓጉዝ ተቋራጭ ነው። በየመንፈቁ የሚመጣላት ድርሻ ጓዳዋም መድኃኒቷም እሱው ነው። እሱ ከቀረ ቤቷን ሸጣ ፐርዝ፣ ልጇ ጓሮ መግባቷ ነው። ከዚያስ ሞቷን ትመርጣለች።

«አልሸጥም» አለችው፣ በሩን በወጉ እንኳ ሳትከፍት።

«ሚስዝ ፓስኮ፣ ዋጋውን እኮ አልሰሙም።»

«ለምን ብዬ እሰማለሁ? የምትታለብ ላሜን ሸጬ ገመዷን ልታቀፍ?»

ሩፐርት አልተቀየመም። መዝገቡን ቀድሞ አገላብጧል። ሰባት ዓመት ሳይቋረጥ የተከፈለ ድርሻ፣ ዕዳ የሚባል የለ፣ እስከ ባለፈው ታኅሣሥ የተዘጋው ሒሳብ ንጹሕ። የቀረው በዓይን ማየት ብቻ ነው። ወረቀት ይዋሻል፣ ብረት ግን አይዋሽም ባይ ነው።

«የድርጅቱን ግቢ ልይ» አላት።

«እይ። አይተህ ስትጨርስ መንገድህን ትይዛለህ።»

ራሷ ወሰደችው። ግቢው ጢም ብሏል። አሥራ አራት ገልባጭ መኪና፣ ስድስት ሎደር፣ ሁለት ትልልቅ መሰርሰሪያ በመደዳ ቆመዋል። ታጥበው ያበራሉ፤ በዚያ ሁሉ ቀይ አቧራ መካከል ጎማቸው እንኳ ጥቁር ነው። ሠራተኞቹ ጥላ ሥር የሥጋ ፓይ እየበሉ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው ይወራረዳሉ። ፎርማኑ ቪንስ ዙቬላ እንግዳውን አንድ በአንድ አዞረው። ምንም አልቸኮለም።

«የኪራይ ናቸው?»

«የኛው ናቸው። ተከፍሎ ያለቀ።»

«ሁሉም ይነሳሉ?»

«ቁልፉ ያውልህ። ጫማህን ብቻ እንዳታቆሽሽ።»

ሩፐርት አምስቱን አስነሳ። አምስቱም ቁልፋቸው አንዴ እንደዞረ ተነሱ። እንዲህ ያለ ንብረት አያያዝ በዕድሜው አላየም። መርል እጆቿን አጣምራ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታየዋለች።

ምሳ ሰዓት ላይ መጠጥ ቤት ውስጥ ለአንድ አክሲዮን ሁለት ዶላር ሰጣት።

«አትሽጪለት መርል» አለ ቪንስ ከወዲያ ጥግ። «የጆ አጥንት ይወጋሻል።»

«ሰምተኸዋል» አለችው ሩፐርትን። «እኔን ከዚህ ከተማ የሚያስነሳኝ የለም። አንተም፣ ባንክህም፣ የወለድኩት ልጄም።»

ሁለት ከአርባ አላት። ሳቀችበት። ሦስት አላት። ቢራዋን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ጆ በዚያ ግቢ ሁለት ጣቱን ትቷል። ለእሱስ ስንት ትከፍላለህ?»

ሩፐርት ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። እንዲህ የሙጥኝ የሚሉት ነገር ርካሽ እንደማይሆን ከልምድ ያውቃል። «ሦስት ከሃምሳ። የመጨረሻዬ ነው፤ ዛሬውኑ።»

መርል ወደ ቪንስ ዞራ አየች።

«ብቻዬን አልሸጥም» አለች። «ድርሻ ያላቸውን የቪንስንም፣ የድርጅቱን ጡረተኞችም አክሲዮን በዚሁ ዋጋ ትገዛለህ። አለዚያ ና ብዬ አልጠራሁህም።»

ይኼ ለሩፐርት ሠርግና ምላሽ ነበር። ድርጅቱ ጠቅላላ እጁ ሊገባ ነው። አሥር ሰዓት ላይ በከተማው ጠበቃ ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ፈረሙ። መርል መጨረሻ ላይ ፈረመች። ገንዘቡ መግባቱን ባንክ ደውላ እስክታጣራ ድረስ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ሩፐርትን አሳዘነችው። «አይዘኑ ሚስዝ ፓስኮ፤ እርስዎ እስከ መጨረሻው ታግለዋል» አላት።

«ታግያለሁ» አለች። «ቤቴም ቤቴ ነው።»

ከዚያ አዲሱ ባለቤት ወደ ቪንስ ዞረ። «ነገ ጠዋት አብሬያችሁ ልውጣ፤ ሥራውን በቦታው ልየው። ማሽኖቹ መጀመሪያ የሚሄዱት የትኛው ማዕድን ማውጫ ነው?»

ቪንስ ባርኔጣውን አጠለቀ። «የትም አይሄዱም፤ ከፋሲካ ወዲህ ለሥራ የጠራን ማዕድን ማውጫ የለም።»