ሙሉ ካልኩ ሙሉ ነው

በድሬ ውስጥ ታንከር በጆሮ የሚለካ ከኔ ሌላ ካለ ይምጣ! አጎቴ ዛኪር ተጎታቹን የውሃ ታንከር ከፒካፑ ኋላ አስሮ ወደ ጀልዴሳ የሚነሳው፣ እኔ የታንከሩን ሆድ በቡጢ መትቼ «ሙሉ ነው» ካልኩ በኋላ ነው። ከጎደለማ ውሃው እየተናጠ ኩርባ ላይ መኪናውን ይገለብጠዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ከሳቢያን ልንነሳ ስንል፣ ትንሿ የአክስቴ ልጅ ኢፍራህ «እኔም ልሂድ» ብላ አለቀሰች።

«ጋቢናው ሞልቷል አቦ! ከፈለግሽ ታንከሩ ውስጥ ግቢ» አልኳት። እንባዋን በቀሚሷ ስትጠርግ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በስፖኪዮው ሳያት በር ላይ ቆማ ቀረች።

ከከተማው እንደወጣን ታንከሩ ከውስጥ ተንኳኳ።

«ዱኒያ፣ ጎድሏል እንዴ?» አለ አጎቴ መኪናውን አቁሞ።

«እኔ ሙሉ ካልኩ ሙሉ ነው!»

ወርጄ መታሁት። ድምፁ ድፍን ነው፤ አልጎደለም። ወዲያው ከውስጥ አንድ ትንሽ እጅ እኔ የመታሁበትን ቦታ መልሶ መታው። አጎቴ ላዩ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ ረግቷል። ሌላ ምንም የለም።

ቤት ደወልኩ። አክስቴ «ኢፍራህ? ይቻትና አኩርፋ አጠገቤ ተቀምጣለች» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

«ኢፍሩ፣ ደህና ነሽ?»

መልሷ ከስልኩም ከታንከሩም እኩል መጣ።

«ግቢ አልሽኝ፣ ገባሁ። አሁን ምን ያንኳኳሻል?»