ከጀልባው በታች ያለ አድራሻ

«ትንሽ ወደ ግራ» ይላል ስልኩ።

ወደ ግራ እቀዝፋለሁ። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ከውሃው ላይ ገና አልተነሳም። ሚስቴ ከፊት ተቀምጣ ስልኩን ወደ ተራራው አዙራ ይዛለች። በስልኩ ውስጥ ደንበኛችን ሹቺዮንግ አለች፤ ሩቅ፣ ባሕር ዳር ባለ ከተማ፣ የጫማ ፋብሪካ ማደሪያ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ።

በእግሮቼ መካከል የብረት ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ ሰማያዊ የወረቀት ካፖርት ተቀምጧል። የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥጥ ከትቼበታለሁ።

ለሙታን የወረቀት ልብስ እሠራለሁ፤ ሚስቴ በስልክ ትሸጠዋለች። ገዢው ከልብሱ ጋር በሚመጣው ፖስታ ላይ የሟቹን ስምና አድራሻ ይጽፍና አብሮ ያቃጥለዋል፤ ልብሱ ለሟቹ ይደርሳል። ስንት ዓመት ስሠራ አልደረሰም ያለ የለም። ተቀባዮቹ አይናገሩም። ባለፈው ወር ግን ሹቺዮንግ «ዕቃው አልደረሰም» ብላ አቤቱታ አስገባች። ሚስቴ ነደዳትና ደወለችላት።

«አንቺ ልጅ፣ ፈርመሽ ወስደሽ የለም እንዴ? ዕቃ አድራሹ መዝግቦታል!»

«እኔማ ወስጃለሁ፣ አክስቴ። አቃጥዬዋለሁም። ያልደረሳት እናቴ ናት።»

ሚስቴ ለመሳቅ አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ዘጋችው።

እናትየው በሕልም እየመጣች በር ላይ ትቆማለች። እጅጌዋ ውሃ ያንጠባጥባል። «በረደኝ» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም። ሹቺዮንግ መተኛት ፈርታለች።

ፖስታው ላይ የጻፈችው አድራሻ ስህተት አልነበረበትም። የኮረብታው መቃብር ነው፣ ከነረድፉ፣ ከነቁጥሩ። ግድቡ ሞልቶ መንደሩን ከመዋጡ በፊት አጽሙን ወደዚያ ያወጣው የሥጋ አጎቷ ነው። ሚስቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ አጽሙ ሲነሳ የእናቷን ስም እየጠራ «ነይ፣ ተከተይኝ» ያላት ማን ነው?

ማንም አልጠራትም። መጥራት የልጅ ነው። ልጅቷ ያኔም ፋብሪካ ነበረች፤ ፈቃድ ከለከሏት።

እንግዲህ አጽሙ ወጣ እንጂ እናትየው ከቤቷ አልወጣችም። ቤቷ ደግሞ እዚህ፣ ከጀልባችን በታች ነው። የእኛ ቤትም ወንዙን ሽቅብ በሌላ መንደር ነበር፤ እሱም ተውጧል።

«አሁን ምን ይታያል? እኔ ጋ ምስሉ ደብዝዟል» ትላለች ሹቺዮንግ።

«ጉም» ትላለች ሚስቴ።

«ከጉሙ በላይስ?»

«የተራራው ሁለት ጫፎች። አንደኛው ሌላውን ሊሸፍነው ነው።»

«ሲሸፍነው ይንገሩኝ። ከደጃችን ሲታይ አንድ ተራራ ነው የሚመስለው። ሁለት መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው።»

እቀዝፋለሁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ! አለፍከው።»

«መቅዘፊያው አንቺ ጋ ነው?»

«ዓይኑ እኔ ጋ ነው። ወደ ኋላ በል።»

ወደ ኋላ እላለሁ። ኋለኛው ጫፍ ከፊተኛው ጀርባ ቀስ ብሎ ይገባል። ተራራው አንድ ይሆናል፤ ሚስቴ ትነግራታለች።

«እዚህ ነው» ትላለች ሹቺዮንግ። ድምጿ ቀጥኗል። «ሁለት የብርቱካን ዛፎች አሉ። በመካከላቸው ወደ በሩ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ያዳልጣል፣ አጎቴ፣ ይጠንቀቁ።»

«እሺ» እላለሁ። ሳላስበው እግሬን እሰበስባለሁ።

ክብሪቱን ሳወጣ ሚስቴ እጄን ትይዘኛለች።

«ቆይ። ዕቃ አድራሽ በር ላይ ሲደርስ ይጣራል። ዝም ብሎ ወርውሮ አይሄድም።»

«ታዲያ ጥሪያት።»

«እኔን የት ታውቀኛለች? ልጄ፣ አንቺ ጥሪያት።»

ሹቺዮንግ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«አክስቴ፣ የፋብሪካው ልጆች ከሌሊት ፈረቃ ገብተው አጠገቤ ተኝተዋል። መጮህ አልችልም።»

«በሹክሹክታ ይሁን። እኔ አቀርብልሻለሁ።»

ሚስቴ ከጀልባው ጠርዝ አልፋ ታጎነብሳለች። ስልኩን ውሃውን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ታወርደዋለች። የለበሰችውን ካፖርት ከኋላ ጨብጬ እይዛለሁ።

«ብትለቀኝና ብሰምጥ፣ መጀመሪያ መጥቼ የምወስደው አንተን ነው» ትላለች።

አልለቅም።

«እማ» ይላል ስልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እማ፣ ዕቃ መጥቶልሻል። ውጪና ተቀበዪ።»

ጉሙ ድምጿን ይወስደዋል። ውሃው አይንቀሳቀስም። ሰው ጫማውን ፈልጎ በሩን እስኪከፍት የሚጠበቀውን ያህል እንጠብቃለን።

ከዚያ ክብሪቱን እጭራለሁ። እጅጌዎቹ ቀድመው ይያያዛሉ፤ ቀጥሎ አንገቱ፤ ጥጡ ብዙ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ፖስታውን በመጨረሻ እጨምረዋለሁ። ረድፍም ቁጥርም አልጻፍኩበትም። «ሺባን መንደር፣ በብርቱካኖቹ መካከል ወርዶ» ይላል። ሲያልቅ ሳፋውን ወደ ውሃው እደፋዋለሁ።

ሚስቴ ፎቶ ታነሳለች፤ ዕቃ አድራሾች በር ላይ ያስቀመጡትን እንደሚያነሱት። ለሹቺዮንግ ትልክላታለች። ፎቶው ውሃ ብቻ ነው።

«ታየሽ?»

«አየሁት። በራችን ነው።»

«እንግዲህ ደርሷል በይና አቤቱታውን ዝጊልን።»

«አሁን አልልም፣ አክስቴ» ትላለች። ስታዛጋ ይሰማናል። «መጀመሪያ ልተኛ።»

ስልኩ ይዘጋል። መቅዘፊያውን አነሳለሁ፤ ግን አልቀዝፍም። የወረቀት አመድ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይበተናል፣ ወደ ዳር ይሄዳል፤ እስከዛሬ ያየሁት እንዲህ ነው። ይሄኛው እንደተጠጋጋ ይቆያል። ከዚያ መውረድ ይጀምራል፤ ትንሽ ወርዶ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ወርዶ ይቆማል፣ የሚያዳልጥ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው።