ጭኗ ላይ የቀረው ፌስታል

«ጠጋ ጠጋ በሉ እስኪ... አንድ ሰው ይገባል።»

ረዳቱ አንድ ሰው ሲል እንግዲህ አራት ሰው ማለቱ ነው። ደሴ መናኸሪያን የሚያውቅ ያውቀዋል...

ሱሀይላ ከአራቱ አንዷ ናት።

በማለዳ ከኩታበር ተነስታ ደሴ ደረሰች። አሁን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ጭንቅላቷ ጣሪያውን እየነካ፣ ክርኗ የማታውቀው ሰው ጎን ውስጥ ገብቶ...

አንዱ ሲገባ እግሯን ረገጣት። የጫማዋ ማሰሪያ ብጥስ አለ።

«አፉ በይኝ» አላት።

«አፉ ብያለሁ» አለችው። ምን ትበል?

አጠገቧ የተቀመጠ ጢማም ሰውዬ እጁን ዘረጋ።

«ቦርሳሽን አምጪው።»

ሰጠችው። የኛ አገር ወግ ነው... የተቀመጠ የቆመውን ዕቃ ይይዛል። ሕግ ያወጣለት የለም፤ ግን አልይዝም የሚል ሰው ካለ መኪናው በሙሉ ያፈጥበታል።

ስልኳ ጠራ። እህቷ ሰዒዳ ናት።

«መንገድ ላይ ነኝ... አዎ፣ ልብስ ፋብሪካው ነው። ለስፌት የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ሁለት ሰው ነው ለፈተና የጠሩት... ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ የዘገየ አይገባም ብለዋል... ይሄ ካልሆነማ ልጄን ይዤ ተመልሼ አባቴ ቤት መግባቴ ነው። በይ ዱዓ አድርጊልኝ።»

እንደዚያ ተጣብቆ በተቆመበት መኪና ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ሰማ።

የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰው ኮምቦልቻ ሊገቡ ሲሉ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ።

«ከፊት ትራፊክ አለ። ትርፎች ውረዱና በእግር እለፉት፤ ከወዲያ እንጭናችኋለን።»

ትርፍ የሚባለው ቆሞ የሚሄደው ነው። እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ተሳፍሯል። ትራፊክ ሲታይ ግን ሰውነቱ ይቀርና ትርፍ ይሆናል። እኔን ይሄ ቃል ሁሌ ያናድደኛል... ይሁን፣ ወደ ታሪኩ።

ሱሀይላ ጫማዋን አየች። አንድ እግሯ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

«በዚህ እግር እስክደርስ ጥለውኝ ነው የሚሄዱት...» አለች ለራሷ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ።

«ተቀመጪ። እኔ እወርዳለሁ።»

«አንተስ ወንድሜ? መንገደኛ አይደለህ?»

«የኔ ጫማ ደህና ነው... አብሽሪ።»

ቦርሳዋን መለሰላት። የራሱን ፌስታል ደግሞ ጭኗ ላይ አስቀመጠ። አሁን ተቀማጯ እሷ ናታ! ወጉ ወግ ነው።

ሚኒባሱ ትራፊኩን አልፎ ጥግ ያዘ። የወረዱት ገና በእግር እየመጡ ነበር... ሾፌሩ በመስታወቱ ሌላ ትራፊክ በሞተር ሲመጣ አየና ነዳው።

«ኧረ ሰው ቀርቷል... ዕቃውም እኔ ጋ ነው!» አለች።

«በሌላ መኪና ይመጣሉ እህቴ። እኛ እንድንቀጣ ነው የምትፈልጊው?» አለ ረዳቱ።

ኮምቦልቻ ስትወርድ ፌስታሉን ለረዳቱ ልትሰጠው ብትሞክር እጁን አራገበ። «እኔ የት አገኘዋለሁ? ያዢው።»

ያዘችው። ስጨርስ መናኸሪያ ሄጄ እፈልገዋለሁ ብላ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች። ለጥቂት ደረሰች።

ፈታኟ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ይባላሉ። ቀልድ አያውቁም።

«መቀስና ሜትር ይዛችሁ ኑ ተብላችኋል። ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እንድሪስ የሚባለውስ?»

ወይዘሮዋ ወደ በሩ አዩ፤ የመጣ ሰው የለም።

«እንግዲህ ሦስት ሰዓት ሆኗል። እንግዲያስ ቀናሽ... ትንሽ ስፌት አሳዪኝና ነገ ትጀምሪያለሽ።»

ሱሀይላ ደስ ብሏት ፌስታሉን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ጣቷን ብረት ነካት።

መቀስ። ከጎኑ የተጠቀለለ የልብስ ሜትር...

ያኔ ገባት። ስልክ ስታወራ ሁሉንም ነገር ሰምቷል። «ሁለት ሰው ነው የጠሩት» ስትል፣ ሁለተኛው ሰው ቦርሳዋን ታቅፎ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ያንን እያወቀ ነው ተነስቶ የወረደላት።

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ጥሎት የሄደው ሾፌሩ ነው። ልጇ ደግሞ አለች...

«እትዬ፣ ይጠብቁት» አለች።

«ማንን?»

«እንድሪስን። እኔን አስቀምጦ እሱ ወርዶ ነው መንገድ ላይ የቀረው። መቀሱም ይኸው።»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ መቀሱን ተቀብለው አዩት።

«ቦታው እኮ አንድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወይዘሮዋ ሲመጣ በሩ እንዲከፈትለት አዘዙና ጠበቁት። እንድሪስ ላቡ በጀርባው እየወረደ መጣ። ሁለቱም ተቀምጠው ሰፉ...

ማን አለፈ ትሉኛላችሁ።

እንድሪስ አለፈ። እጁ ከእጇ ይበልጣል፤ እሷም ስፌቱን አይታ አምናለች።

ኮመንት ላይ «አድሚን ሁለቱንም ቅጠርልን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፋብሪካው የኔ አይደለም።

ከፋት? አዎ። መናኸሪያ እስክትደርስ አልቅሳለች። ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስም ሞልቶ ነበር፤ እንደገና ጎንበስ ብላ ቆመች። አንዲት የማታውቃት ሴት «ቦርሳሽን አምጪው» አለቻት፤ ሰጠቻት።

እግሯ ላይ ግን ጫማዋ ነበረ። እንድሪስ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት በር ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ ክርና መርፌው ሰፍቶላታል።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ... ሰው የያዘላችሁን ቦርሳ መቀበል ቀላል ነው። የለቀቀላችሁን ቦታ መመለስ ነው ከባዱ። እሷ ግን መለሰች።

እናንተ ብትሆኑስ? ስሙ ሲጠራ፣ ፌስታሉን እንደያዛችሁ ዝም ትሉ ነበር ወይስ ትናገሩ ነበር? የሚያምረውን ሳይሆን እውነቱን ጻፉልኝ።