ከጭልፊት ጋር የተያዘ ቀጠሮ

ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለው ሾፌሩ ከማንኛውም ቀን ይልቅ አጥብቆ በፈለገው ቀን ነበር። ቁልፉን ጫነው፤ ዝም። ደግሞ ጫነው፤ ዝም። በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። ዕቃ ከባለቤቱ ግትርነት ይማራል መሰለኝ፣ አሁንም ዝም።

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተጎልቶ በኢንተርኔት ዳማ ይጫወታል። ሰፈሩ ውስጥ የሚያሸንፈኝ ጠፋ ይላል። በኢንተርኔቱም ጠፍቶ ነበር፣ ጭልፊት የሚባለው እስኪመጣ ድረስ።

የጭልፊትን ማንነት የሚያውቅ የለም። በዚህ ስም ይጫወታል፣ አለቀ። ሾፌሩ ግን የጦር መኮንን ነው ብሎ ቆርጧል፤ እንዲህ አድብቶ የሚመታ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ደግሞም ጨዋ ነው፣ በምሳ ሰዓት አይጫወትም። አንድ ቀን ሾፌሩ ያሸንፋል፣ አንድ ቀን ጭልፊት። በቅርቡ ጭልፊት ጠጠሮቹን ጠራርጎ የበላበት ዕለት ቤት ውስጥ ምሳውም አርሮ ነበርና፣ ሾፌሩ ያን ቀን በሁለት በኩል ተበደልኩ እያለ እስከ ዛሬ ያወራል።

ነገር የቆሰቆሰው ወዳጁ ጸጉር አስተካካዩ ነው። እኩል ለእኩል ከሆናችሁ አሸናፊው ማን ሊባል ነው አለው። የሾፌሩ ደም ፈላ። ወዲያው ለጭልፊት የመጨረሻ ግጥሚያ ይሁንልኝ ብሎ ጻፈ፤ ጭልፊትም እሺ አለ። በሰዓቱ ያልተገኘ እንደተሸነፈ ይቆጠራል ተባባሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አፉን ግን ማን ይያዝለት፣ በጸጉር አስተካካዩና በሚስቱ ፊት ማለ፦ ከተሸነፍኩ አንድ ወር ሙሉ ማዕድ ቤቱን እረከባለሁ፣ ማብሰሉንም ማጠቡንም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «ምስክር ይዣለሁ» አለች።

ቀኑ ዛሬ ነው፣ ቀጠሮው ለአስር ሰዓት።

ሾፌሩ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ሶኬቱ ላይ የጠረጴዛ መብራት ሞከረ፤ ቦግ አለ። ስክሪኑም ደህና ነው። ትንፋሽ ያጣው የኮምፒውተሩ ሳጥን ነው። ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ፤ ምንም የለም።

ያኔ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

ትናንት ሳሎኑን የጠረገ ማን ነው? እሷ። ገመዱን ያነሳሳ? እሷ። ይህን ሳጥን ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እሰጠዋለሁ ያለስ? እሱንም አልካደችም። ሾፌሩ በግጥሚያው ካልተገኘ አንድ ወር እጇን አጣጥፋ የምትበላውስ ማን ናት?

«አንቺ ሴት፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ የምፈታታው የሰው ቀሚስ ነው» አለች። «ተጫውተህ ተሸነፍ እንጂ በሳጥን አታሳብብ።»

ግጥሚያውን ሊያይ የመጣው ጸጉር አስተካካይ ገና ከበሩ ለወዳጁ አደላ። ሴት ልጅ ነገር ስታስብ ዝም ብላ ነው፣ ምናምን እያለ ጀመረ። ሄደህ ራስ ላጭ አለችው፤ ተቀመጠ።

ቴክኒሻኑ ጋ የደወለችውም እሷው ናት። ዘገየ ብላ ደግማ ደወለች፣ ቶሎ ካልመጣህ ሱሪህን አላሳጥርም ብላ አስፈራራችው። ሾፌሩ ለጸጉር አስተካካዩ ሹክ አለው፦ ንጹሕ ሰው እንዲህ ሲቅበጠበጥ አይተህ ታውቃለህ?

ቴክኒሻኑ እያለከለከ ደረሰ። ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። ከሳጥኑ ኋላ አጎንብሶ እጁን ሰደደ፣ አንዲት ነገር ቀጭ አደረገ፣ ቁልፉን ጫነ። ሳጥኑ እንደ ጠገበ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ።

በስተኋላው ማጥፊያ አለው፣ እሱ ነው የጠፋው ብሎ አስረዳቸው። ጀርባው አቧራ በአቧራ ስለሆነ መጥረጊያም ጨርቅም አልነካውም፤ ማጥፊያዋ ላይ ብቻ የጣት አሻራ አለ። አንድ ሰው ሆን ብሎ ነው ያጠፋው።

«ይኸው!» አለ ሾፌሩ፣ ጣቱን ወደ ሚስቱ ቀስሮ።

ጸጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማ እንጂ… እንዳትነካብህ ከኋላ አጥፋው ብዬህ ነበርኮ። አጥፍተኸው ነበር እንዴ?»

የሾፌሩ ጣት አየር ላይ ቀረ። ትናንት ማታ ሚስቱ መኝታ ቤት ስትገባ በሳጥኑ ኋላ ተንበርክኮ ነበር። አጥፍቶ፣ በብልሃቱ ረክቶ፣ ተኝቶ፣ ረስቶታል። ቴክኒሻኑ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ሾፌሩ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ። ሚስቱ ግን ይቅርታውን ለመስማት ጊዜ ያላት አትመስልም፤ ዓይኗ ሰዓት ላይ ነው።

«ተቀመጥ፣ አስር ሊሆን ነው» አለችው። እሷ ለደንበኛ የምታደርሰው ዚፕ ስላለ ማንም እንዳያንኳኳባት አስጠንቅቃ፣ ልብስ መስፊያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሾፌሩ ወንበሩን ሳበ፣ ጣቶቹን አንቋቋ። ሁለቱ እንግዶች ከትከሻው በላይ አሰገጉ። ጭልፊት በሰዓቱ ገብቷል። ሾፌሩ የመጀመሪያዋን ጠጠር ገፋ፣ ወደ ኋላ ተደገፈ፣ ይህን መኮንን ዛሬ ማዕረጉን እገፈዋለሁ አለ።

በልብስ መስፊያው ክፍል ሚስቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ የስልኳን መስታወት በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ ሳሎን ውስጥ የጭልፊት ጠጠር ወደ ፊት ተራመደች።