ያልቀዘቀዘው ላፕቶፕ

ኮምፒውተር ጠጋኙ የሰፈሩን ላፕቶፕ ሁሉ ሲጠግን፣ የእናቱን ግን ዛሬ ነገ እያለ ዓመት አለፈው። «ልጄ፣ ጭኔን ጠበሰኝ እኮ፤ ድስት ልጣድበት እንዴ?» ስትለው፣ በስልክ «ዘግተሽ ክፈቺው» ብሏት ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

በተቀበረች በሳምንቱ ቤቷ ገብቶ የላፕቶፑን ባትሪ አወጣ፣ ብሎኖቹን ፈታ። ፋኑ ላይ አቧራና የእሷ ሽበት ተጠምጥሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በብሩሽ እየጠረገ፣ «የአስር ደቂቃ ሥራ ነበር፣ እማዬ» አለ።

ክዳኑን መልሶ ሲገጥም እጁን አቃጠለው። ከሞተች ወዲህ ማንም አላበራውም። እስኪበርድ ጠበቀ፤ አልቀዘቀዘም።

ቀስ ብሎ ዞረና ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን ወንበር ዳሰሰ። ትራሱ፣ ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል።