የማይቋረጥ ገቢ

«አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ» አለና ገብረክርስቶስ ወረቀቱን ወደ ወርቂቱ ገፋ አደረገው። አራት ሰማያዊ አሻራዎች ከግርጌው ተደርድረዋል። ሦስተኛውን ወዲያው አወቀችው። ማጭድ የሰነጠቀው የባቻ ጣት ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም።

እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

«ማል ጄዳ?» አለችው ማመልከቻ ጸሐፊውን ተረፋን። «ምን ይላል?»

ተረፋ በነቀምቴ ገበያ ዳር በተከራያት ጠባብ ክፍል የሰው ክስና አቤቱታ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሆኖታል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ባለርስቱን ገብረክርስቶስን አየ።

«የመንገዴ ወረቀት ነው ብያችሁ የለም?» አለ ገብረክርስቶስ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። አባቱ ፊታውራሪው ባለፈው ጥቅምት ሲያርፉ በጊዳ ያለው መሬት ከነጭሰኞቹ ለእሱ ደረሰው። ዛሬ አምስቱን ጭሰኞች በላንድሮቨሩ ጭኖ ያመጣቸው ራሱ ነው፤ በመንገድም ዳቦና ሻይ ጋብዟቸዋል። «እነ ባቻ ሳያስነብቡ ነው የፈረሙት።»

«እኔ ይነበብልኝ።»

ተረፋ መነጽሩን አደረገና አነበበ፤ ከዚያም ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ነገራት። እኛ አምስቱ ጭሰኞች ለጌታችን ለአቶ ገብረክርስቶስ እያንዳንዳችን በየወሩ አርባ ብር፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ ሰብሉ ቢይዝም ባይይዝም፣ ሳናቋርጥ ልንከፍል ተዋውለናል። በመሬቱ የቆየነው በዚሁ ውል ነው።

አርባ ብር። ወርቂቱ ያን ያህል ገንዘብ በእጇ የያዘችው በሬ የሸጡ ዕለት ብቻ ነው።

«የኛ ውል ሲሶ ነው» አለች ወደ ባለርስቱ ዞራ በአማርኛ። «ከሦስት አንድ። ያ በረዶ በወረደ ዓመት አባትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የበረዶውን ሲሶ ነው የወሰዱት። አልቅሰውም ከኛው ጋር ነው ያለቀሱት።»

«መግቢያ ፈቃድ የሚሰጠኝ የውጭ አገር ቆንስል ሲሶ የሚባል ነገር አያውቅም፣ አዴ ወርቂቱ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባሕር ማዶ ልኖር ነው። ሚስቴ እዚያ ናት፤ ልጄንም በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው። የአገሩ ሕግ ደግሞ እንድሠራ አይፈቅድልኝም። ሳልሠራ የምኖርበት፣ በየወሩ የማይቋረጥ ገቢ እንዳለኝ በማስረጃ አሳይ አሉኝ። የጠየቁኝን ለአምስት ባካፍለው ለአንዳችሁ አርባ ደረሰ።»

«ሳልሠራ» የምትለውን «ሆጂ መሌ» ብሎ ተረጎመላት ተረፋ። ያለ ሥራ።

ቃሉ ደረቷ ውስጥ እንደ ፍም ተቀመጠ። ባሏ በወባ ከሞተ ወዲህ እርፍ የምትጨብጠው እሷ ናት። ሴት ስታርስ ታየች ተብሎ አገር ስቆባታል፤ ካህኑ ሳይቀሩ ገሥጸዋታል። የተሰነጠቀ ተረከዟ አሁንም ጫማ አያስገባም። ያለ ሥራ!

«ታዲያ የሚሠራው ማን ነው?» አለች። «ወረቀቱ ይህን ይላል? ተረፋ፣ እሱንም ጻፍበት። እሱ እንዳይሠራ ወርቂቱ ታርሳለች በል። በረዶ ከመጣም ተመልሶ መጥቶ እኩል ይራባል በል።»

«እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም» አለ ገብረክርስቶስ።

«ለምን? በዚያ አገር በረዶ የሚያወርድ አምላክ የለም?»

ተረፋ ሳሉ የመጣበት መስሎ አፉን ያዘ። የባለርስቱ ጆሮዎች ቀሉ።

«ስሚኝ። ይሄ ለማሳያ ብቻ ነው። አርባ ብር ከየት ታመጪያለሽ ብዬ ልጠይቅሽ ነው? እዚያ ከገባሁ በኋላ ሲሶሽን እንደ ድሮሽ ትሰጪያለሽ።»

«መልካም። እንግዲያው እሱን በሌላ ወረቀት ይጻፍልኝ፤ ተረፋ እዚሁ አለ። እርስዎ ይፈርሙልኛል፣ እኔም ጣቴን እሰጣለሁ።»

ገብረክርስቶስ ከኪሱ ብዕር አወጣና መልሶ ከተተው። ወርቂቱ አንጀቷ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

«ባልሽ ለአባቴ ሃያ ዓመት ሲያርስ ወረቀት ጠይቆ ያውቃል?» አለ በመጨረሻ። «መተማመን የሚባል ነገር የለም?»

«ነበረ እንጂ! ወረቀቱን ያመጣኸው አንተ ነህ።»

አንተ ማለቷን ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማችው። አልመለሰችውም።

ብድግ አለ። «ከመኸር በኋላ ጎጆሽን ትነቅያለሽ። ጭሰኛ ሞልቷል፤ ላንቺ ብሎ የሚጣላኝ ባል የለሽም።»

ወርቂቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ባቻና ሦስቱ ጭሰኞች ከላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ከፊታቸው ቆማ በራሳቸው ቋንቋ ነገረቻቸው፤ አርባውን ብር፣ በየወሩን፣ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብን። ባቻ የበቆሎውን ራስ እንደያዘ ቀረ።

«እኛ እኮ ልጁን ሄዶ ሊያይበት ነው የመሰለን» አለ። «መንገድ ይቅናህ ብዬ ነው የፈረምኩለት። መርቄው እኮ ነው!»

አንዱ አጠገቡ ያለው «በየወሩ?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት፣ በትክክል የሰማ ስላልመሰለው።

«በየወሩ።»

ባቻ ተነሣ። የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻው መለሰና በአጠገቧ አልፎ ገባ። ወርቂቱ ተከትላው ደጃፉ ላይ ሆና ታየዋለች። በጌታ ፊት ቀና ብሎ ሲቆም አይታው አታውቅም።

«ጎፍታ፣ ጌታዬ» አለ፤ «ጣቴን መልስልኝ።»

«ምን?»

«ጣቴን። መልስልኝ።»

ገብረክርስቶስ ወረቀቱን አፈፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ተረፋ የቀለም ጠርሙሱን ከደነና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አሸሸ። ከዚያ የቀሩት ሦስቱ ዱላቸውን ደጅ አቁመው፣ ጎንበስ እያሉ አንድ በአንድ ገቡ። ክፍሏ ብርሃን የምታገኘው በዚያች በር ብቻ ነበርና ውስጡ ቀስ በቀስ ጨለመ።