የነርሷ ኮቴ

«ዊልቸሩን ወደመጣበት መልሺው ብያለሁ!» አለች ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አይነክስሽም እኮ፣ እታለም» አለች ታናሽ እህቷ፣ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች። «ሲደክምሽ ብቻ ነው የምትቀመጭበት።»

«ዛሬ ከተቀመጥኩበት ነገ ማን ያስነሳኛል? ሰኞ ሥራ እገባለሁ። በእግሬ!»

ነርሷ ይህን ስትል ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነበረች። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ፤ ቀጥሎ ቀኙ ከዳት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከሶፋው ለመነሳት ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም አቅቷት ነበር። ይህን ለእህቷ አልነገረቻትም።

የሳህኑ ኳኳታ ድንገት ቆመ።

«እሰይ!» አለች ታናሿ፣ ቁጣዋ በርዶ። «እንዲህ መራመድ ከቻልሽማ ምን ያጨቃጭቀናል? ግን አትሩጪ፣ ቀስ በይ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ተይ እንጂ! አብረን አድገን ኮቴሽ ይጠፋኛል?»

ያኔ ነርሷም ሰማችው። ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ፈጣን፣ ቀላል፣ ምንም የማይጎተት እርምጃ። ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ስትል ሆስፒታሉ ሁሉ የሚያውቀው የራሷ አካሄድ ነበር። «ተመለሽ» አለች በሹክሹክታ። ጭኖቿን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ የሌላ ሰው ጭን የያዘች መሰላት።

እርምጃው የውጭው በር ጋ ደረሰ። በሩ ተከፈተ፤ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ኮቴው ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወረደ።

ወጥ ቤት ውስጥ እህቷ እያንጎራጎረች ቀጣዩን ሳህን አነሳች።